ዛፎቹ አልታመሙም፤ ፍሬው በርዶት ነው

ለወንድሜ ለሸውቂ መትዋሊ፤
ኩዌት።

ከሁሉ አስቀድሜ የአላህ ሰላምና ምሕረት በአንተ፣ በሚስትህ በኑሃና በልጆችህ ላይ ይሁን እላለሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ክረምት ያንገላታህ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም በክኒን ታባብለዋለህ? ኑሃ እንዴት ናት? ሂሻም ትምህርቱን እንዴት ያዘው? የዳሊያ ሳልስ ለቀቃት? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ግራ ዓይኗ ከመድከሙ በቀር ደህና ናት። ልጄ ሰማሕ ደህና ናት። የወተት ጎሻችን በሰላም ወልዳለች። ሰላምታ የአላህ ነውና አላሳጠርኩብህም። ከዚህ በታች ያለው ግን የእኔ የነኢማ ነው፤ ቆሽቴ አርሮ ነው የምጽፈውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ። ስልክ ቤት ድረስ ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ ሦስት ደቂቃ ባገኝ ሁለት ተኩሉን የምትናገረው አንተ ነህ። «እሺ ነኢማ፣ ገባኝ ነኢማ፣ ተይው ነኢማ» ትልና መስመሩ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያመንከው የአጎታችንን ልጅ የፈርሐትን ወሬ እንጂ የእኔን ቃል አልነበረም። ወረቀት ግን አያቋርጡትም። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የጎረቤታችን የኡም ራጊብ ልጅ ነው፤ ከእጅህ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። አዊሱ ማንጎ ሊለቀም አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክ ቤት አስጠራኸኝና «ነኢማ፣ የዘንድሮውን ማንጎ ነጋዴ እንዳይነካው። አረንጓዴውን እንዳለ ልቀሙና የሐጅ ሙርሲ የድንች ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። አገሩ ሁሉ ማንጎ ሲያልቅበት እኛ እናወጣለን» አልከኝ። አባባ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ፍሬ ለብርድ ሰጥቶ እንደማያውቅ ስነግርህ ሳቅክብኝ። ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «አባባ አላህ ይማረውና የጭድ ሰው ነበር። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ ብርድ ቤት ነው የሠራሁት። የቀዘቀዘ ዶሮ ሁለት ዓመት አቆያለሁ፤ ማንጎ ሁለት ወር ማቆየት ያቅተኛል?» አልክ። ፈርሐት ስልኩን ነጥቆኝ ስንት ዲግሪ ይሁን ብሎ ሲጠይቅህም «በቀዘቀዘ ቁጥር ይበልጥ ይቆያል። ለድንቹ የተደረገው ሦስት ዲግሪ ጥሩ ነው፤ አትንኩት» አልከው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለአንተ ነው፣ ወንድሜ።

ዶሮው እኮ ሞቷል ሸውቂ! የሞተ ነገር ብርድ ምን ያደርገዋል? ማንጎ ግን ከዛፏ ብትቆረጥም በሕይወት አለች። አባባ ክንዱን እስከ ብብቱ ድረስ ማንጎ በሚያበስልበት ጭድ ውስጥ ከቶ ሙቀቷን ሲያዳምጥ ስንት ዓመት አየነው? «ትተነፍሳለች፣ ተዉአት» ይለን አልነበር? ጭዱ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ያሳሳው ነበር፤ ሲበርድ ደግሞ አሮጌ ጆንያ ይደርብባት ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ያወቀውን አንተ ዲፕሎማ ይዘህ ሳቅክበት።

እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። ታዘዝኩህ። የአባባ ልጅ ሆኜ፣ እጄ እያወቀ ለቅሜ ሰጠሁ። ስድሳ ቅርጫት ሙሉ፣ ከአርባ ሁለቱም ዛፎች፣ ፈርሐት በመኪና ጭኖ ወሰደው። አንድ ቅርጫት ብቻ ሰርቄሃለሁ። ከውሃ መሳቢያው አጠገብ ካለችው ዛፍ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው እጅ የተለቀመውን ደብቄ በአባባ ክፍል ጭድ ውስጥ ከተትኩት። በሰባተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። እማ በልታ «የመትዋሊ እጅ አለበት» አለች። ለኡም ራጊብም ላክን፤ ሳሕኑን ባዶውን አልመለሰችም፣ ቅቤ አድርጋበት ነው የመለሰችው። ይህን ልብ በል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአባባ ሙት ዓመት ሐሙስ ቀን ዋለ። እንደምታውቀው በሙት ዓመቱ መቃብር ላይ ሰደቃ የምናወጣው ከዳቦውና ከተምሩ ጋር የሟቹን የራሱን ፍሬ ነው። የአባቱን ሰደቃ ከገበያ ገዝቶ ያወጣ ሰው በመንደራችን ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ስለዚህ ሦስት ቀን ቀደም ብለን አሥር ቅርጫት ከሐጅ ሙርሲ ዘንድ አስወጣን። ሳየው፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አፈርኩ፤ በአንተ ሳይሆን በራሴ አፈርኩ። አሥራ ስምንት ቀን ከርሞ ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ነበር። አረንጓዴ፣ ጠንካራ፣ አንዲት ጠባሳ የሌለበት። ፈርሐት እያጨበጨበ «ሸውቂ ይኑርልን! የኩዌት ጭንቅላት!» ብሎ በመኪናው ዙሪያ ጨፈረ። እኔም በልቤ አፉ በለኝ አልኩህ። ይህን ማለቴን ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እንዲበስል ጭድ ውስጥ ከተትኩት። በመጀመሪያው ቀን አልሸተተም። በሁለተኛው ቀንም አልሸተተም። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ግራጫ ነገር ወጣ፤ እዚህም እዚያም በመርፌ የተወጋ ይመስል ጎደጎደ። ግማሽ ጎኑ ሲለሰልስ ግማሹ እንደ ድንጋይ ቀረ። ጊዜ አልነበረም፤ ሰው መቃብር ላይ ይጠብቀናል። ደህና የመሰለኝን መርጬ፣ በጨርቅ ወልውዬ ይዤ ሄድኩ።

አሁን የምነግርህን በደንብ ስማኝ። ቁርኣኑ ተቀርቶ ሲያልቅ በእጄ አደልኩ። የመጀመሪያውን ለአባባ ባልንጀራ ለአም ደሱቂ ሰጠሁ። ሰማንያ ዓመቱ ነው፤ ከአባባ ጋር እነዚያን ዛፎች ገና ችግኝ ሳሉ በባልዲ ያጠጣ ሰው ነው፤ በየዓመቱ የመጀመሪያዋን አዊስ የሚበላው እሱ ነበር። ሽቅብ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያት፣ «አላህ ይማርህ መትዋሊ» አለና ነከሳት። ከዚያ መንጋጋው ቆመ። እኔ ቆሜ አየዋለሁ። አልተፋውም ሸውቂ። ዋጠው። የቀረውን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ለሚስቴ ልውሰድላት፤ እሷም ትቅመሰው» አለኝ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

ሌሎቹ እንደ እሱ ጨዋ አልነበሩም። ልጆቹ ወዲያው ተፉት። አንዷ ሴትዮ፣ ስሟን አልጠራም፣ «ኧረ ውስጡ አመድ ነው! ምን ነክቶት ነው?» አለች፣ እኔ እየሰማሁ፣ አባባ እየሰማ። ፍሬው ውስጥ ሥጋው ቡኒ ሆኗል፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙ የተቀቀለ ድንች ነው። አባታችን በሕይወቱ አንድም ቀን እንግዳ በመጥፎ ፍሬ ሸኝቶ አያውቅም። ሞቶ በዓመቱ፣ በራሱ ዛፍ፣ በራሱ መቃብር ላይ፣ በልጁ እጅ አዋረድነው። እኔና አንተ ነን ያዋረድነው። ያን ቀን እቤት ገብቼ ያለቀስኩትን ባሌን ስቀብር አላለቀስኩትም።

አንተ ግን ምን አደረግህ? ፈርሐት ከመቃብሩ ቀጥ ብሎ ስልክ ቤት ሄደና «ዛፎቹ በሽታ ገብቷቸዋል፤ አርጅተዋል፤ ፍሬው ከውስጥ ይጠቁራል» ብሎ ነገረህ። አንተም እኔን፣ ዛፎቹን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸውን፣ አንዲት ቃል ሳትጠይቅ በማግሥቱ ደወልክና «አዊሱን በሙሉ ቁረጡትና ብርቱካን ትከሉ፤ ብርቱካን ብርድ ይችላል» አልክ። ለእኔ አይደለም ያልከው፤ ለፈርሐት ነው። ውክልናውንም ላክህለት። እኔ የሰማሁት ፈርሐት የሎሚ ጭማቂ እየጠጣ ሲነግረኝ ነው። «የአጎቴ ልጅ፣ አትናደጂ፤ ዛፍ ነው፣ ሰው አይደለም» አለኝ። የልቤን ብመልስለት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዛፍ አይሆንም ነበር።

ከዚያ ልቤ ያንን የሰረቅኳትን ቅርጫት አስታወሰ። በሽታ ከሆነ እሷን ለምን አልያዛትም? አንድ ዛፍ፣ አንድ ቀን፣ አንድ እጅ! ልዩነቱ የተኛችበት ቦታ ብቻ ነው። ተነሥቼ ወደ ግብርና ማኅበሩ ሄድኩ። እዚያ ሲሃም የምትባል ወጣት ባለሙያ አለች፤ ወንዶቹ ምክሯን አይሰሟትም፣ ሻይ ያስቀዷታል። ከመቃብሩ የተረፈውን ፍሬ ጠረጴዛዋ ላይ ሰነጠቅሁት። ገና ሳልጨርስ «የሰማሕ እናት፣ ይሄ ታሞ አይደለም፣ በርዶት ነው» አለችኝ። «ስንት ዲግሪ ላይ ነበር?» ሦስት ስላት ራሷን ያዘች። «ማንጎ እኮ የሙቅ አገር ፍጥረት ነው! ከአሥራ ሁለት በታች ካወረድሽው ውስጡ ይጎዳል። መጥፎነቱ ደግሞ እዚያው ብርዱ ውስጥ እያለ አይናገርም፤ ቆዳው አምሮ ይቀመጣል። ወደ ሙቀት ስታወጪው ነው ጉዱ የሚታየው። ሙዝ ፍሪጅ ውስጥ ሲጠቁር አይተሽ አታውቂም?» አለችኝ። አይቻለሁ። አንተም አይተሃል። ኑሃ ሙዝ ፍሪጅ እንዳይገባ ስትጮህብህ እኔው ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እዚህ በመጣችሁበት በዚያ ረመዳን! ሙዙን አውቀህ ማንጎውን እንዴት ሳትጠረጥር ቀረህ?

ወሬ ብቻ ብነግርህ «የሴት ወሬ» እንደምትል ስለማውቅ ፈተንኩት። ሲሃም ቴርሞሜትሯን አዋሰችኝ። ከዚያችው ከውሃ መሳቢያው አጠገብ ካለችው ዛፍ አናት ላይ የቀረውን አስወረድኩና ሃያ ሃያ አድርጌ ከፈልኩት። ሃያውን ሰገነት ላይ አስቀመጥኩ፤ ጥላው ሥር ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነበር። በአራተኛው ቀን ተጨማድዶ ጠጅ ጠጅ ሸተተ፤ ዶሮዎቹ እንኳ ዞረው ሄዱ። ሃያው የአባባ ጭድ ውስጥ ገባ፤ በሰባተኛው ቀን በሰለ፣ በአሥረኛው ቀን መበላሸት ጀመረ፤ ይህን ሁላችንም ከልጅነት የምናውቀው ነው። ሌላውን ሃያ ሐጅ ሙርሲ ዘንድ ወስጄ ከድንቹ ጋር አስተኛሁት። የቀረው ሃያ የት እንደገባ ገምት። አንተ ከኩዌት የላክኸው ፍሪጅ ውስጥ።

ፍሪጁን ባዶ አደረግኩት። ቁልፉን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ ቁጥር አዞርኩና ቴርሞሜትሩን ውስጡ ሰቀልኩ። አሥራ ሦስት፣ አንዳንዴ አሥራ አራት ያሳያል። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ወተት ረጋብን፣ አይብ ሸተተብን። ሰማሕ «እማዬ፣ ማንጎዎቹ በፍሪጅ ይኖራሉ፣ እኛ ቀዝቃዛ ውሃ ከጎረቤት እንለምናለን» እያለች ቀለደችብኝ። እማ እየዳበሰች ትከፍተውና «ደህና ናቸው? አልታመሙም?» ብላ ትጠይቀኛለች፣ የልጅ ልጆች ይመስል። በየጠዋቱ ዲግሪውን በሰማሕ የትምህርት ደብተር ጻፍኩ፤ ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቁጥር ትወዳለህ አይደል?

አሥራ ስምንተኛው ቀን ሲሞላ ሁለቱንም አወጣሁ፤ የድንቹንም፣ የፍሪጁንም። ጎን ለጎን ጭድ ላይ አስቀመጥኳቸው። በመጀመሪያው ቀን የሐጅ ሙርሲው ያምር ነበር፤ እንዲያውም ከፍሪጁ ይልቅ አረንጓዴ ነበር። በአራተኛው ቀን የፍሪጁ ቢጫ ሆኖ ቤቱን በሽታው ሞላው፤ የሐጅ ሙርሲው ግራጫ ሆነ፤ ጎደጎደ፤ ያ የመቃብሩ ፍሬ ራሱ። ከአንድ ዛፍ! ሐጅ ሙርሲን ጠርቼ አሳየሁት። ጢሙን እያሸ «እኔ የድንች ሰው ነኝ፣ ማን ነገረኝ? አምጡ አላችሁ፣ አስገባሁ» አለ። ከዚያ በራሱ አፍ፣ ሳልጠይቀው፣ ትንሿን ክፍል ለብቻዋ አሥራ ሦስት ላይ አድርጎ ለከርሞ ሊሰጠን እንደሚችል ነገረኝ። ብርድን አልጠላሁም ሸውቂ። ብርድ መድኃኒት ነው፤ ግን መድኃኒት በማንኪያ እንጂ በባልዲ አይጠጣም።

ለምን ብርድ ብርድ እንደምትል አይጠፋኝም። ያ በጣም የሞቀበት ዓመት፣ ከአዊሱ ግማሹ ጭዱ ሥር በስብሶ፣ አንተ በአህያ ጭነህ ቦዩ ዳር ስትደፋ፣ ዝንቡ ከኋላህ እየተከተለ፣ የትምህርት ቤት ልጆች «የብስባሽ ልጅ» እያሉ ሲሰድቡህ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ። አባባ ያን ዓመት ተሳስቶ ነበር፤ ጭድ ሁሉን እንደማያድን አምኖ መቀበል አልፈለገም። አንተም ያን ቀን «ሁለተኛ ፍሬ አይበሰብስብኝም» ብለህ መማልህን አልረሳሁም። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያበሽቀኝ። መልሱን ልታገኝ አንድ እርምጃ ቀርቶህ ነበር፤ «ስንት?» ብለህ ብትጠይቅ ኖሮ። ያንን አንድ ቃል ኮርተህ ተውከው።

አሁን ወደ እሁዱ ልምጣ። ባለፈው እሁድ ረፋድ ላይ ፈርሐት ሁለት ሰዎችና አንድ ባለሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። ውክልናህን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አድርጎታል፤ ጫፉ ይታያል። ከውሃ መሳቢያው አጠገብ ባለችው ዛፍ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ፤ መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት። እኔ በዚያ ሰዓት ከጭዱ ውስጥ የፍሪጁን ማንጎ እያወጣሁ ነበር። አልጮኽኩም። በሳሕን ሞልቼ ወጣሁና «እንግዳ ሳይቀምስ ሥራ አይጀምርም፤ ተቀመጡ» አልኳቸው።

ባለመጋዙ ከተል ኤል ከቢር ከተማ በኩል የመጣ ግዙፍ ሰው ነው፤ እጁ እንደ አካፋ። አንዷን ልጦ በላ። ሁለተኛዋን ሳይልጥ በላ። ሦስተኛዋ ላይ ጭማቂው እስከ ክርኑ እየወረደ ፍሬዋን ሲመጥ «ሐጃ፣ ይሄ ከየት ነው?» አለኝ። «ከዚያች» አልኩና ኖራ የተቀባችውን አሳየሁት። ዛፏን አየ፤ ፈርሐትን አየ። «አንተ ሰውዬ፣ ታሞ ነው አላልከኝም?» አለው። ፈርሐት «አንተ ምን አገባህ? ቁረጥ ተብለሃል፣ ቁረጥ!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሣ። «እኔ የደረቀ ዛፍ ነው የምቆርጠው። እንዲህ የሚያበላ ዛፍ ቆርጬ ለልጆቼ ምን ብዬ ልንገራቸው? ሌላ ሰው ፈልግ» አለና መጋዙን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ረዳቱ ግን ከሳሕኑ ሁለት ፍሬ ሳይጨምር አልሄደም።

ፈርሐት አላፈረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ውክልናውን እያውለበለበ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከዛጋዚግ ከተማ ሌሎች ሰዎች እንደሚያመጣ ነግሮኝ ሄደ። የሚያመጣቸው ሰዎች ማንጎ ይወዱ እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት አለህ ማለት ነው።

የምፈልገውን በግልጽ ልጻፍልህ። ደብዳቤው በደረሰህ ቀን ውክልናውን ሻር፤ መሻርህንም ለፈርሐት ሳይሆን ለእኔ በጽሑፍ ላክልኝ። የኡም ራጊብ ልጅ ከደብዳቤው ጋር ትንሽ ሳጥን ይሰጥሃል፤ ስድስት አዊስ አለበት፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ከፍሪጁ ሳላወጣ ያቆየኋቸው። ብርድ ቤት እንዳታስገባቸው! ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣቸውና ሲሸቱ ብላ። ከበላህ በኋላም ዛፎቹ ይቆረጡ የምትል ከሆነ፣ እሺ፤ ግን በውክልና አይሆንም። በሌላ ሰው እጅ አይሆንም። ራስህ መጥተህ፣ መጋዙን ይዘህ፣ አም ደሱቂ ቆሞ እያየህ ቁረጣቸው።

አባባን ስንቀብር አልነበርክም። «አሠሪዬ ፓስፖርቴን ይዞብኝ ነው» አልክ፤ አመንኩህ፤ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ያንኑ ነገርኩ፤ ዓመት ሙሉ ስምህን ጠበቅሁልህ። አንድ ጊዜ ያለ አንተ ቀበርነው። ሁለተኛ ጊዜ ያለ አንተ አንቀብረውም።

ለኑሃ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ስለ ሙዙ እሷ ልክ ነበረች በላት። ለሂሻም የሰማሕ ደብተር ገጽ የእሱ ነው በለው፤ ቁጥሮቹን ያንብባቸው። ዳሊያን ስመህ ሳሏን በማር አባብልልኝ። ሰማሕ ሁላችሁንም ሳም ሳም ታደርጋችኋለች፤ ፍሪጁ እንደገና የሰው ሆኗል ብዬ እንድጽፍ ነግራኛለች። ኡም ራጊብ ሰላም ብላሃለች፤ ልጇን አደራ። አም ደሱቂ ሰላም ብሎሃል፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ፈርሐት ሰላምታ ይልክ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

እማ እጅህን ይዛ የምትመርቅህ ያህል ትመርቅሃለች። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ «አላበዛሽበትም?» አለችኝ። ስለ መሐረቡ ያለውን ብቻ ድገሚልኝ አለችና ደገምኩላት። ከዚያ «አላበዛሽም፤ ላኪው» አለችኝ።

እህትህ ነኢማ መትዋሊ

እስማኢሊያ አውራጃ፣ ከቦዩ ማዶ ካለው መንደራችን
ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1996